ፕላሴቦ፡ መድኃኒት የሌለበት "መድኃኒት" ለምን ያሽላል?

በገጠርም ኾነ በከተማ አንድ መድኃኒት ሲወደስ የሚቀርብለት ምስክርነት ተመሳሳይ ነው፤ "ወስጄው ተሽሎኛል" የሚል። ጎረቤት ለጎረቤት፣ ዘመድ ለዘመድ የሚያስተላልፈው ይህ ቃል አብዛኛውን ጊዜ ከልብ የመነጨ ነው፤ ተናጋሪው በርግጥ ተሽሎታል። ጥያቄው ያሻለው ምን እንደኾነ ነው። የሕክምና ሳይንስ ይህን ለመለየት ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ደክሟል፤ ለዚሁ ከሚገለገልባቸው መሣሪያዎች አንዱም በውስጡ መድኃኒት የሌለበት "መድኃኒት" ነው። ስሙም ፕላሴቦ ይባላል።

ቃሉ ከላቲን ቋንቋ የመጣ ሲኾን "ደስ አሰኛለሁ" እንደማለት ነው። ፕላሴቦ በመልኩ፣ በጣዕሙ፣ በማሸጊያውና በአሰጣጡ እውነተኛውን መድኃኒት ይመስላል፤ በሽታውን የሚዋጋ ንጥረ ነገር ግን የለውም። ከስኳር ወይም ከስታርች የተሠራ ክኒን ሊኾን ይችላል። ጥቂት ጨው ያለበት ንጹሕ ውኃ የተሞላ መርፌም ሊኾን ይችላል። ቆዳን ሰንጥቆ ምንም ሳይነካ መልሶ የሚሰፋ ቀዶ ሕክምና እንኳ በፕላሴቦነት ያገለገለበት ጊዜ አለ። ከሐሰተኛ መድኃኒት ጋር ሊምታታ አይገባም። ሐሰተኛ መድኃኒት ገዥን አታሎ ገንዘብ ለመውሰድ የሚሠራ ወንጀል ነው። በምርምር ውስጥ የሚሰጥ ፕላሴቦ ግን ተሳታፊው "ከሁለቱ አንዱ ይደርስሃል" ተብሎ ተነግሮት፣ ተስማምቶ የሚወስደው መመዘኛ ነው።

የነገሩ አጀማመር ከአንድ ዛፍ ጋር የተያያዘ ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፓሪስ ውስጥ ፍራንዝ አንቶን ሜስመር የተባለ ሐኪም በሰውነት ውስጥ የማይታይ የማግኔት ኃይል እንደሚፈስ፣ ፍሰቱ ሲታወክ ሰው እንደሚታመም፣ እርሱም ፍሰቱን በእጁ እንቅስቃሴ እንደሚያስተካክል ይናገር ነበር። ሕሙማኑ ሲንቀጠቀጡ፣ ሲጮኹ፣ ራሳቸውን ስተው ሲወድቁ፣ ከዚያም "ተሻለን" ሲሉ ይታዩ ነበር። ንጉሥ ሉዊ 16ኛ እ.ኤ.አ በ1784 ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚሽን አቋቋሙ። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊንና የኬሚስትሪ ሊቁ አንቷን ላቯዚየ ከአባላቱ መካከል ነበሩ። በፍራንክሊን መኖሪያ ግቢ አንድ ዛፍ የሜስመር ተከታይ በነበረ ሐኪም እጅ "ኃይል እንዲያድርበት" ተደረገ። ከዚያም ዐይኑ የታሰረ የ12 ዓመት ልጅ ኃይል ወዳላደረባቸው ሌሎች ዛፎች እየተመራ እንዲያቅፋቸው ተደረገ። ልጁ አራተኛው ዛፍ ላይ ሲደርስ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ኃይል አለው የተባለው ዛፍ ግን ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር። ኮሚሽኑም ሕሙማንን የሚያንቀጠቅጠው ማግኔቱ ሳይኾን ምናባቸው ነው ሲል ደመደመ።

ከ15 ዓመታት በኋላ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሄይጋርት ተመሳሳይ ፈተና አካሄደ። በዚያ ዘመን አሜሪካዊው ኤሊሻ ፐርኪንስ የፈለሰፋቸው ሁለት የብረት ዘንጎች በውድ ዋጋ ይሸጡ ነበር፤ በታመመ ቦታ ላይ ሲጎተቱ ሕመሙን ይስባሉ ይባልላቸዋል። (ስማቸው "ትራክተር" ነበር፤ ከእርሻው ትራክተር ጋር ግን ከስሙ ያለፈ ዝምድና የላቸውም።) ሄይጋርት ከእንጨት ተመሳሳይ ዘንጎች አሠርቶ ብረት እንዲመስሉ ቀለም አስቀባቸው። በእንጨቶቹ ከታከሙት አምስት የቁርጥማት ሕሙማን አራቱ ሕመሙ እንደቀለላቸው ተናገሩ። በማግስቱ በእውነተኞቹ ብረቶች ቢታከሙም ውጤቱ ያው ኾነ።

ይህ አመክንዮ ለአርሶ አደር እንግዳ አይደለም። ማሳውን በሙሉ ማዳበሪያ አድርጎበት ምርቱ ያማረለት ገበሬ፣ ያሳመረለት ማዳበሪያው ይኹን የዘንድሮው ዝናብ ለይቶ መናገር አይችልም። ለመለየት ከዚያው ማሳ ማዳበሪያ ያልነካው ቁራጭ ሊኖር ይገባል። በእንግሊዝ ሀገር ሮታምስተድ በተባለው የግብርና ምርምር ጣቢያ እ.ኤ.አ ከ1843 ጀምሮ ስንዴ የሚዘራበት ማሳ አለ፤ የማሳው አንድ ቁራጭ እስከ ዛሬ ማዳበሪያም ፍግም ሳይጨመርበት ይዘራል። ያ የተራበ ቁራጭ ባይኖር የሌሎቹ ቁራጮች ምርት ከምን እንደመጣ ማንም ማወቅ አይችልም ነበር።

እ.ኤ.አ በ1919 በዚሁ ጣቢያ ሥራ የጀመረው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር አንድ ነገር ጨመረ። ተመራማሪው ሳያውቀው ለም የኾነውን ቁራጭ ለሚወደው ዘር እንዳያዳላ፣ የትኛው ቁራጭ ምን ይሰጠው የሚለው በዕጣ ይወሰን አለ። ከስንዴ ማሳ የተወለደው ይህ ዘዴ ወደ ሆስፒታል ተሻገረ። ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል የተባለው የስታቲስቲክስ ምሁር በተሳተፈበትና እ.ኤ.አ በ1948 በታተመው የእንግሊዝ ጥናት የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። 55ቱ ስትሬፕቶማይሲን የተባለውን መድኃኒት ከእረፍት ጋር፣ 52ቱ ደግሞ እረፍት ብቻ አገኙ። በስድስት ወራት ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 4፣ ከሁለተኛዎቹ 14 ሰዎች ሞቱ። በዚህ ጥናት ፕላሴቦ አልተሰጠም፤ መድኃኒቱ በቀን አራት ጊዜ በመርፌ የሚሰጥ ስለነበር ሕሙማንን ለወራት ባዶ ውኃ መውጋት አግባብ ኾኖ አልተገኘም። በምትኩ የራጅ ፎቶውን የሚያነቡት ሐኪሞች የትኛው ፎቶ የማን እንደኾነ እንዳያውቁ ተደረገ። በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ጥናቶች ፕላሴቦን ጨምረው፣ መድኃኒቱን የሚሰጠውም የሚቀበለውም የትኛው እውነተኛ እንደኾነ እንዳያውቁ የሚያደርጉ ናቸው።

በእንዲህ ያሉ ጥናቶች ፕላሴቦ ከወሰዱት ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ይሻላቸዋል። አሜሪካዊው ሐኪም ሄንሪ ቢቸር እ.ኤ.አ በ1955 አሥራ አምስት ጥናቶችን ሰብስቦ፣ ከ1 ሺህ 82 ሕሙማን መካከል 35 በመቶ ያህሉ በፕላሴቦ በቂ እፎይታ አግኝተዋል ሲል ጻፈ። ቁጥሩ ለብዙ ዓመታት ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲገለበጥ ኖረ። ነገር ግን ትልቅ ጉድለት ነበረበት፤ ቢቸር ምንም ሳይሰጣቸው ይሻላቸው የነበሩትን ሰዎች አልቀነሰም።

ጉንፋን ቢታከምም ባይታከምም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ገደማ ይለቃል። የወገብ ሕመም ይነሣል፣ ይተኛል። ሰው ደግሞ ወደ ሕክምና የሚሄደው ሕመሙ ከመቼውም ጊዜ ሲብስበት ነው፤ እጅግ የባሰ ሕመም ከዚያ በኋላ ረገብ ማለቱ የተለመደ ስለኾነ፣ በዚያች ሰዓት የተወሰደ ማንኛውም ነገር ምስጋናውን ይወስዳል። ይሉኝታም አለ። ደክሞ ላከመው ሐኪም ወይም መድኃኒቱን በርኅራኄ ላመጣለት ዘመድ "ምንም አልረዳኝም" ብሎ ፊት ለፊት የሚናገር ሰው ጥቂት ነው።

በቆላማ አካባቢዎች ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የሚበረታው ወባ ለዚህ አደገኛ ምሳሌ ነው። ቫይቫክስ በተባለው የወባ ዝርያ የተያዘ ሰው ትኩሳቱ ብዙ ጊዜ በየ48 ሰዓቱ እየተነሣ ይበርዳል። ብርድ ብርድ ብሎት ሲንቀጠቀጥ ያመሸ ሰው ከገበያ የተገዛ ስሙ የማይታወቅ ዱቄት በጥብጦ ቢጠጣ፣ ሰዓቱ ትኩሳቱ በራሱ የሚበርድበት ሊኾን ይችላልና ላብ አጥልቆት እፎይ ይላል። ማግስቱንም ደኅና ኾኖ ሊውል ይችላል። ዱቄቱ ግን ተሕዋሲውን አልነካውም። በሽታው ፋልሲፓረም በተባለው ዝርያ የመጣ ከኾነ ደግሞ እነዚያ በከንቱ ያለፉ ቀናት ሕይወት ሊያስከፍሉ ይችላሉ። የጤና ባለሙያዎች ትኩሳት በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ የደም ምርመራ አድርጉ፣ ሕክምናም ጀምሩ የሚሉት ለዚህ ነው፤ ምርመራው በጤና ኬላም ይገኛል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሲቀነስ የሚቀር ነገር አለ ወይ? አለ። በካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ1978 ያሳተሙት ጥናት ይህን ከገለጡት ቀዳሚው ነው። ጥርሳቸውን የተነቀሉ ሰዎች ፕላሴቦ ተሰጥቷቸው ከፊሎቹ ሕመሙ ቀለላቸው። ከዚያ ናሎክሶን የተባለ፣ የሞርፊንን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ሲሰጣቸው ሕመማቸው ተመለሰ። ናሎክሶን የሚያግደው ሞርፊንንና መሰሎቹን ነው፤ ሰዎቹ ደግሞ ሞርፊን አልተሰጣቸውም። ስለዚህ ሰውነታቸው ራሱ ሞርፊን መሰል ማስታገሻ አመንጭቶ ነበር ማለት ነው። ኢንዶርፊን የሚባለው ንጥረ ነገር ከእነዚህ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ በ2001 ደግሞ የፓርኪንሰን ሕሙማን ባዶ መርፌ ሲወጉ፣ በሽታው ያጎደለባቸው ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር በአንጎላቸው ውስጥ ሲለቀቅ በምስል መሣሪያ ታየ።

በእንስሳት አርቢዎች ዘንድ የታወቀ አንድ ዘዴ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ጥጃዋ የሞተባት ላም አልታለብም ስትል፣ የጥጃዋ ቆዳ ገለባ ተሞልቶ ይቀርብላታል። ላሟም አሽትታና ልሳ ወተቷን ትለቃለች። ወተቱ እውነተኛ ወተት ነው፤ የውሸት የኾነው ጥጃው ነው። በፕላሴቦ የሚገኝ እፎይታም እንደዚሁ ነው። ሰውነት ከልጅነቱ ጀምሮ ክኒን፣ መርፌ፣ ነጭ ጋዋንና የመድኃኒት ሽታ እፎይታን አስከትለው ሲመጡ ለምዷል፤ ምልክቶቹን ሲያይ ከራሱ ጓዳ ያለውን ማስታገሻ ያወጣል። ሕሙማኑ "ዝም ብሎ መስሏቸው ነው" ተብለው ሊናቁ የማይገባውም ለዚህ ነው።

ምልክቱ በጎላ ቁጥር ውጤቱም ይጎላል። እ.ኤ.አ በ1972 የታተመ አንድ ጥናት ለሕክምና ተማሪዎች ባዶ እንክብሎችን ሰጥቶ፣ ሰማያዊው ከሮዝማው ይልቅ እንደሚያደነዝዝ፣ ሁለት መውሰድም ከአንድ ይልቅ እንደሚበረታ አሳይቷል። በሌሎች ጥናቶች እውነተኛ የሕመም ማስታገሻ ሕመምተኛው ሳያይ በመሣሪያ በድብቅ ሲሰጠው፣ ሐኪሙ ፊት ለፊት እየነገረው ከሚሰጠው ያነሰ ሠርቷል። እንደ ራስ ምታት ባሉ ሕመሞች ባዶ መርፌ ከባዶ ክኒን በልጦ የተገኘበት ጊዜም አለ። በሀገራችን "ካልተወጋሁ አልታከምኩም" የሚለው አመለካከት ሥሩ እዚህ ላይ ሳይኾን አይቀርም። ጉንፋን ይዞት የቫይታሚን መርፌ ወይም የግሉኮስ ከረጢት የሚጠይቅ ሰው እፎይታ ቢያገኝ አይገርምም። ነገር ግን መርፌ በንጽሕና ካልተያዘ የጉበት በሽታና ኤችአይቪ የሚተላለፍበት፣ ቁስል የሚያመረቅዝበት መንገድ ነው። በቫይረስ ለሚመጣ ጉንፋን የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ደግሞ ለበሽታው ፕላሴቦ፣ ለተሕዋስያኑ ግን መድኃኒት የመላመጃ ትምህርት ቤት ነው።

የፕላሴቦን ወሰን ከሁሉ በተሻለ ያሳየው እ.ኤ.አ በ2011 በአሜሪካ የታተመ የአስም ጥናት ነው። እያንዳንዱ ሕመምተኛ በተለያዩ ቀናት አራት ነገሮችን በየተራ አገኘ፤ በአፍ የሚማገውን ሳልቡታሞል፣ መድኃኒት የሌለበትን ተመሳሳይ ፓፍ፣ የማስመሰል የመርፌ ሕክምናን እና ምንም ሳይሰጠው መቀመጥን። ተመራማሪዎቹ ሁለት ነገር ለኩ። አንደኛው ሕመምተኛው ራሱ ምን ያህል እንደተሻለው የተናገረው ነው። ሁለተኛው በመሣሪያ የተለካው፣ በአንድ ሰከንድ ከሳንባ የሚወጣው አየር ነው።

ሕሙማኑ እንደተናገሩት ከኾነ በእውነተኛው መድኃኒት 50 በመቶ፣ በባዶው ፓፍ 45 በመቶ፣ በማስመሰያው መርፌ 46 በመቶ መሻል ነበር። ያለ ሕክምና በተቀመጡበት ቀን 21 በመቶ ብቻ ኾነ። በሕሙማኑ ቃል ብቻ ቢፈረድ ባዶው ፓፍ ከመድኃኒቱ እኩል ነው ሊባል ነው። መሣሪያው ግን ሌላ ተናገረ። በሳልቡታሞል የሳንባው አየር በ20 በመቶ ሲጨምር፣ በሌሎቹ ሦስቱ ጭማሪው 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ባዶው ፓፍ ምንም ካለመውሰድ አልተለየም።

ሕመምተኛው አልዋሸም፤ የጭንቀት ስሜቱ በርግጥ ቀሎለታል። የአየር ቧንቧው ግን እንደጠበበ ነው። ቧንቧው ጠብቦ ሳለ ደኅና ነኝ ብሎ የሚተኛ የአስም ሕመምተኛ ሌሊት ምን ሊያገኘው እንደሚችል መገመት አያዳግትም። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይባላል፤ እዚህ ላይ በሽታውን ከባለቤቱ የሚደብቀው የራሱ ስሜት ነው። አማርኛችን "ተሻለኝ" እና "ዳንኩ"፣ "ማስታገሻ" እና "ፈውስ" ብሎ መለየቱ ጥሩ ነው። ፕላሴቦ በመጀመሪያዎቹ ቃላት ግዛት ውስጥ ይሠራል። ሕመምን፣ ማቅለሽለሽን፣ ድካምን፣ ጭንቀትን ሊያለዝብ ይችላል። ዕጢ አያሟሽሽም፣ የወባ ተሕዋሲ አይገድልም፣ የተሰበረ አጥንት አይገጥምም። በዴንማርክ የሚሠሩ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2001 ፕላሴቦን ምንም ካለመውሰድ ጋር ያነጻጸሩ 114 ጥናቶችን መርምረው የደረሱበትም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ በሕመም ስሜት ላይ መጠነኛ ለውጥ አገኙ፣ በመሣሪያ በሚለኩ ነገሮች ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኙም።

በሌላ በኩል አንዳንድ የከበሩ ሕክምናዎች ራሳቸው ከፕላሴቦ የማይሻሉ ኾነው ተገኝተዋል። በአሜሪካ ሂውስተን ከተማ እ.ኤ.አ በ2002 የወጣ ጥናት 180 የጉልበት መገጣጠሚያ ሕሙማንን በዕጣ ከፈለ። ከፊሎቹ የተለመደው የጉልበት እጥበትና ጠረጋ ተደረገላቸው። ሌሎቹ ቆዳቸው ተሰንጥቆ ብቻ ተሰፋ። በሁለት ዓመት ክትትል በሕመምም በመራመድም ልዩነት አልታየም።

ፕላሴቦ ጨለማ ጎንም አለው፤ ኖሴቦ ይባላል። ክፉ የሚጠብቅ ሰው ክፉውን ያገኛል እንደማለት ነው። በኮቪድ-19 የክትባት ጥናቶች ባዶ መርፌ ከተወጉት ሰዎች 35 በመቶ ያህሉ ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ራስ ምታትን፣ ድካምንና መሰል ችግሮችን ተናግረዋል። በመንደር ወሬ የተፈራ ክትባት የሚያሳምመው አንዳንዴ በወሬው ነው።

ሐኪም ሕመምተኛውን አታሎ ፕላሴቦ ቢሰጠውስ የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። የዓለም የሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ በ1964 ባወጣውና ደጋግሞ ባሻሻለው የሄልሲንኪ መግለጫ መሠረት፣ የተረጋገጠ መድኃኒት ላለው በሽታ አዲሱ መድኃኒት በመርህ ደረጃ የሚነጻጸረው ከነባሩ ጋር ነው፤ ፕላሴቦ የሚፈቀደው በጠባብ ሁኔታ ብቻ ነው። ማታለሉም ሁልጊዜ አስፈላጊ ላይኾን ይችላል። እ.ኤ.አ በ2010 በታተመ ጥናት ሥር የሰደደ የአንጀት ሕመም ያለባቸው 80 ሰዎች ተሳትፈው ነበር። "ይህ ባዶ ክኒን ነው" ተብሎ በግልጽ ተነግሯቸው ከወሰዱት 59 በመቶው፣ ክኒን ካልተሰጣቸው ደግሞ 35 በመቶው በቂ እፎይታ አግኝተዋል። ጥናቱ ትንሽና የሦስት ሳምንት ብቻ ስለነበር ብዙ ሊባልበት አይገባም። ኾኖም ሕመምተኛን ተቀምጦ የሚያዳምጥና ስለሚሰጠው መድኃኒት በትዕግሥት የሚያስረዳ ባለሙያ፣ ከእውነተኛው መድኃኒት ላይ ተጨማሪ እፎይታ እንደሚያስገኝ ብዙ ማስረጃ አለ። ለዚህ ደግሞ በጀት አያስፈልግም።

አንድ ነገር ይቀራል፤ የእንስሳት ጉዳይ። በሬ ስለ መርፌው ምንም ስለማያስብ ፕላሴቦ በእንስሳት ላይ አይሠራም የሚሉ አሉ። በሬው ባያስብ እንኳ ባለቤቱ ያስባል። እ.ኤ.አ በ2012 በአሜሪካ የታተመ ጥናት በመገጣጠሚያ ሕመም የሚያነክሱና ፕላሴቦ የተሰጣቸውን ውሾች ተመልክቶ ነበር። እግራቸው መሬት ላይ የሚያሳርፈው ክብደት በመሣሪያ ሲለካ ለውጥ በሌለበት እንኳ፣ ባለቤቶቻቸው ከግማሽ በላይ በኾነው ጊዜ "ተሽሎታል" ብለዋል። የእንስሳት ሐኪሞቹም ከዚህ ስሕተት አላመለጡም። በገበያ ቀን ፈቃድ ከሌለው ሻጭ የገንዲ መርፌ ገዝቶ የወጋ ገበሬ፣ ገንዘቡን ከፍሏልና ከብቱ ሲበረታ ለማየት ይጓጓል። ከብቱ አንድ ቀን ደህና ከጋጠ ተስፋው ይለመልማል። መድኃኒቱ ሐሰተኛ ወይም ጊዜው ያለፈበት ከኾነ ግን በሽታው ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ ከዐይን ይልቅ መለኪያ ይታመን፤ የሙቀት መጠን፣ በሊትር የተሰፈረ ወተት፣ በባለሙያ የሚደረግ የደም ምርመራ።

የታመመን እንስሳ ለማነጻጸሪያ ብሎ ያለ ሕክምና መተው ተገቢ አይደለም። ለጤነኛ በጎች "ያደልባል" ተብሎ የሚሸጥ ዱቄት ግን በቤት ውስጥ ሊፈተን ይችላል። ዐሥር ተቀራራቢ በጎችን በዕጣ አምስት አምስት አድርጎ መክፈል፣ መኖና ውኃቸውን እኩል ማድረግ፣ ዱቄቱን ለአንደኛው ወገን ብቻ መስጠት ነው። በመጀመሪያው ቀንና ከሁለት ወር በኋላ ሁሉም በሚዛን ይመዘናሉ። ሚዛኑን የሚያነበው ሰው የትኞቹ ዱቄቱን እንደበሉ የማያውቅ ጎረቤት ቢኾን ይመረጣል።